ለአሯሯጬ ምስጋና፤ ለእረፍት ወደ አዲስ አበባ ለምትሄዱ ሯጮችም ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው፣ ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ በቆየሁባቸው ሦስት ሳምንት ተኩል ውስጥ የማራቶን ልምምዴ እንዳይቋረጥ የደከመልኝን አንድ ወጣት አሯሯጭ በይፋ ለማመስገንና ለእረፍት ስትወጡ ተመሳሳይ ሐሳብ ለሚይዛችሁ ሯጮች ለመጠቆም ነው። ስሙን በአደባባይ እንዳልጠቅስ ስለጠየቀኝ ሥራውን ብቻ እናገራለሁ።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ዘንድሮ በጥቅምት ወር በዋሽንግተንና በአርሊንግተን ለሚካሄደው የማሪን ኮር ማራቶን ተመዝግቤ የ18 ሳምንት መርሐ ግብር ይዣለሁ፤ እናቴን ለመጠየቅ የወሰድኩት እረፍትም ልክ ረጃጅሞቹ ሩጫዎች የሚጀምሩበት ጊዜ ላይ ዋለ። ከሁለት ዓመት በፊትም እንዲሁ ገጥሞኝ፣ አዲስ አበባ በገባሁ በማግሥቱ እዚህ በለመድኩት ፍጥነት 16 ኪሎ ሜትር ልሮጥ ወጥቼ ነበር። ስድስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ትንፋሼ ከዳኝ፤ ራስ ምታቱ ሦስት ቀን አልለቀቀኝም፤ ከዚያ በኋላ ጫማዬን ሳላነሣ ተመለስኩ፤ የዚያ ዓመት ማራቶንም በዚያው ቀረብኝ።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ የእናቴ ቤት ያለበት ሽሮ ሜዳ ደግሞ የእንጦጦ ግርጌ በመሆኑ ከዚያም ይበልጣል። በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ እዚህም እዚያም 21 በመቶ ገደማ ቢሆንም፣ በከፍታው የተነሣ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባልን ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከሚገባልን በሩብ ያህል ያንሳል። እዚያው ተወልጄ ማደጌ ይበቃኛል ብዬ አምን ነበር፤ ነገር ግን ለ15 ዓመታት ዝቅተኛ ቦታ የኖረ ሰውነት እንደ ማንኛውም እንግዳ እንደገና መልመድ አለበት።

ዘንድሮ የአክስቴ ልጅ ከዚህ ወጣት ጋር አገናኘችኝ። ቀድሞ ለክለብ ይሮጥ የነበረ ሲሆን፣ አሁን ከውጭ የሚመጡ ሯጮችን በማሯሯጥ ይተዳደራል። በመጀመሪያው ቀን ጨርሶ አላሯሯጠኝም። መቼ እንደገባሁ፣ እንቅልፌ እንዴት እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት የት የት ተጎድቼ እንደማውቅ ጠይቆኝ፣ መርሐ ግብሬን ከዳር እስከ ዳር ካነበበ በኋላ፣ «እትዬ፣ ይህ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በደቂቃ እንሥራው» አለኝ። 16 ኪሎ ሜትር ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ የሚወስድብኝን ያህል ሰዓት ከሮጥኩ፣ ርቀቱ ቢያጥርም ልቤና እግሬ የሚገባቸውን ሥራ ሠርተዋል ማለቱ ነበር። የመጀመሪያዎቹን አምስት ቀናት ጃንሜዳ ላይ ለ40 ደቂቃ ያህል ዱብ ዱብ ብቻ አልን። አጠገቤ እየሮጠ ያወራኛል፤ መልስ መስጠት ሲያቅተኝ ፍጥነቱን ይቀንሳል።

ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ግን ስለ ፍልሰታ ጾም ነው። ከነሐሴ 1 ጀምሮ ቤቱ ሁሉ ይጾማል፤ እኔም ከእናቴ ጋር በአዘቦት ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም አልቀምስም ነበር። እርሱም ጾመኛ ስለሆነ፣ ጾሙን እንድተው ወይም ሩጫውን እንድተው ሳይነግረኝ ሁለቱን የሚያስታርቅ መንገድ አበጀልኝ። የአዘቦቱን ቀላል ሩጫ ውሃ ጠጥቼና በልቼ ሁለት ሰዓት ካለፈኝ በኋላ፣ 11 ሰዓት ላይ አደረገው። ረጅሙን ሩጫ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት በሌለበት በቅዳሜ ጠዋት አድርጎ፣ ስንጨርስ የምጠጣውን በሶ ከቤቱ በጥብጦ ይዞልኝ ይመጣ ነበር።

የቅዳሜው ሩጫ እንጦጦ ላይ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ነው። ጅቡ ገና አልገባም ስለሚል ብርሃኑ በደንብ ሳይወጣ ጫካ አንገባም። መሪው ከፊት ሆኖ በዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዘ ይሄዳል፤ ተከታዩም ዓይኑን ከመሪው እግር ሳይነቅል እርሱ የረገጠበትን ይረግጣል። በክረምት ሣሩ ሥሩንና ድንጋዩን ስለሚሸፍን፣ መሬቱም ዝናብ ጠግቦ ስለሚያንሸራትት ለእንግዳ ሰው ቀላል መንገድ አይደለም፤ እርሱ ግን በእጁ ሳያመለክተኝ ያለፈውን አንድም ሥር አላስታውስም። አቀበቱንም ፊት ለፊት ሳይሆን አግድም እየቆራረጠ ያወጣኝ ነበር።

አንድ ረቡዕ ለቅሶ ቤት አድሬ ሁለት ሰዓት ብቻ ተኝቼ ስመጣ ፊቴን አይቶ፣ «እትዬ፣ ዛሬ የሩጫ ቀን አይደለም» አለኝ፤ ለ20 ደቂቃ ያህል በእግር አንሸራሽሮኝም መለሰኝ። የዕለቱን ሒሳብ ሳቀርብለት ሥራ አልሠራሁም ብሎ አልተቀበለኝም። ከፍታ ላይ ብቻ የሚሮጥ ሰው ትንፋሹ ስለሚይዘው እግሩን በማራቶን ፍጥነት ማሠራት ስለሚከብደው፣ ጾሙ ከተፈታ በኋላ ለፍጥነት ልምምድ ሁለት ጊዜ ከእንጦጦ በብዙ ዝቅ ወደሚለው ወደ አቃቂ አወረደኝ። ወደ ሜሪላንድ በተመለስኩ በአሥረኛው ቀን መርሐ ግብሩ ላይ የተጻፈውን 29 ኪሎ ሜትር ሳልቆራርጥ ጨረስኩ።

ሒሳቡን አስቀድሞ በግልጽ ይናገራል፤ ከተስማማንበት በላይም አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀኝም። መጓጓዣው ግን በእናንተ ነው። ኅዳር ላይ ለታላቁ ሩጫ የምትመጡ፣ ውድድሩ 10 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው ብላችሁ በዋዜማው አትድረሱ፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድማችሁ ገብታችሁ ከእርሱ ጋር ጃንሜዳ ላይ ዱብ ዱብ በሉ። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እርሱን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። አንተም ይህን ካነበብህ፣ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እናቴም በሶውን እያነሣች ትመርቅሃለች።