ሲንጀር ሄቪ ዱቲ 4423 ለፈትል ልብስ ይሆናል? ውጭ አገር በቤታቸው ለሚሰፉ

ከሽሮ ሜዳ ተገዝቶ የተላከ ቀሚስ ልክ አልሆን ሲል ውጭ አገር የሚኖር ቤተሰብ ብዙ ምርጫ የለውም። የሰፈሩ ልብስ አስተካካይ የሱሪ ጫፍ ማሳጠር ያውቃል እንጂ ፈትል አልለመደም። ቀሚሱን አሳጥርልኝ ቢባል ጥለቱን ከታች ቆርጦ ሊጥለው ይችላል። እንቁጣጣሽ፣ ገናና ጥምቀት በመጡ ቁጥር ልጆች የሚለብሱበት ቤት ውስጥ አንድ ደህና የስፌት መኪና ወጪውን ይመልሳል። አሜሪካ ውስጥ 200 ዶላር ግድም የሚሸጠው ሲንጀር ሄቪ ዱቲ 4423 ለዚህ ሥራ ይሆናል ወይ? ይሆናል፤ ነገር ግን «ሄቪ ዱቲ» (ለከባድ ሥራ) የሚለው ስሙ እንደሚያስመስለው ስለ ጉልበቱ አይደለም። ስስ ፈትል ላይ ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

4423 ኮምፒውተር የሌለው፣ ሁሉ ነገሩ በመዞሪያ የሚስተካከል መኪና ነው። 23 ዓይነት ስፌት አለው። ቤት ውስጥ በእርግጥ የሚያስፈልጉት ግን ጥቂት ናቸው፦ ቀጥታው፣ ዚግዛጉ፣ የቁልፍ ቀዳዳው፣ ለሚለጠጥ ጨርቅ የሚሆነውና ጫፍ ሲታጠፍ ከውጭ እንዳይታይ አድርጎ የሚሰፋው። የስፌቱ ርዝመት እስከ 4 ሚሊ ሜትር፣ የዚግዛጉ ስፋት እስከ 6 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ክሩን በመርፌው ዓይን የሚያስገባ ማንሻ አለው። የታችኛው ክር የሚጠቀለልበት ቦቢን ከላይ በኩል ይገባል፤ ክዳኑ ግልጽ ስለሆነ ክሩ ሊያልቅ ሲል ይታያል። የውስጥ አጽሙ ብረት፣ የውጭ ልባሱ ፕላስቲክ ነው። የፋብሪካ መኪና ግን አይደለም፤ ቆዳና ወፍራም ሸራ ቀኑን ሙሉ ለመስፋት የሚያስብ ሰው ሌላ ይፈልግ።

ለሐበሻ ልብስ የሚያስመርጠው ዋናው ነገር ብዙዎቹ ገዢዎች የማይነኩት መዞሪያ ነው፤ ጨርቁን የሚጫነውን እግር ግፊት የሚቀንሰውና የሚጨምረው። ፈትል ድሩ ጠንከር ያለ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ ግን ልል የእጅ ፈትል ስለሆነ እግሩ ጠብቆ ሲጫነው ጨርቁ ይለጠጥና ስፌቱ ማዕበል ይሠራል። ግፊቱን ቀንሳችሁ በቁራጭ ጨርቅ ላይ ሞክሩ። ስፌቱ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ተኝቶ ከቀረ ልክ ነው ማለት ነው። በጣም ካላላችሁት ደግሞ ጨርቁን ከስር የሚስበው ጥርስ መያዝ ያቅተውና አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ይወጋል።

ፍጥነቱ በደቂቃ እስከ 1,100 ጊዜ መውጋት ነው። ለመጋረጃና ለአንሶላ ግሩም ነው፤ ለነጠላ አያስፈልግም። ፍጥነቱን የሚገድብ መቆጣጠሪያ በመኪናው ላይ ስለሌለ ሁሉም ነገር በእግር ፔዳሉ ላይ ወድቋል። ጥቁሩን የእግር ሲንጀር የለመደ ሰው በመጀመሪያ ሳይቸገር አይቀርም። ፔዳሉ እስከ ታች እንዳይወርድ ከመርገጫው ስር የስፖንጅ ቁራጭ ማስገባት ይረዳል። አንገትና ክንድ ሲሰፋ፣ ማዕዘን ሲዞር የመጨረሻዎቹን ሁለትና ሦስት ወጊዎች የእጅ መዘውሩን ወደ ራስ በማዞር መጨረስ ነው። አፓርታማ ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ ከመኪናው ስር ወፍራም የጎማ ምንጣፍ አድርጉ፤ ድምፁ በጠረጴዛው እግር በኩል ወደ ታች ጎረቤት ይወርዳል።

አሁን ወደ ስሱ ፈትል። የመርፌው ቀዳዳ ያለበት ብረት ለዚግዛግ እንዲሆን ሰፋ ተደርጎ የተሠራ ነው። በዚህ ምክንያት ስስ ጨርቅ ከመርፌው ጋር ወደ ታች ይጠባና ጠርዙ ጥርስ ውስጥ ገብቶ ይቋጠራል። ይህ የ4423 ብቻ ችግር ሳይሆን የቤት መኪኖች ሁሉ ነው፤ ፈትል ላይ ግን ጎልቶ ይወጣል። መፍትሔው አለ። መርፌውን ወደ ግራ ቦታው አምጡት፤ በአንድ በኩል የቀዳዳው ጠርዝ ጨርቁን ይደግፈዋል። መርፌው አዲስና ቀጭን ይሁን፦ ለነጠላና ለስስ ቀሚስ ቁጥር 70/10፣ ለመደበኛ ቀሚስ 80/12። ስፌቱን ከጠርዙ ሳይሆን አንድ ሴንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ ጀምሩ፤ ሁለቱንም ክሮች ወደ ኋላ ያዙ። አሁንም ከጠባ ከጨርቁ ስር ስስ ወረቀት አስገብታችሁ ሰፍታችሁ ቅደዱት። የስፌቱ ርዝመት 2 ወይም 2.2 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ የላይ ክሩ ውጥረት ከተለመደው 4 ወደ 3 ይውረድ። ስፌቱ የሚጨማደድ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የውጥረቱ ወይም የደነዘ መርፌ ነው።

ክሩ የፖሊስተር ይሁን፤ ጥራት ያለው ይሁን። ፈትል ደማቅ ነጭ ሳይሆን ወደ ወተት የሚያደላ ስለሆነ ክሩን በመደብር መብራት ሳይሆን በቀን ብርሃን ከጨርቁ ጋር አስተያዩት። በጣም የነጣ ክር ከፈትል ላይ እንደ ኖራ ጎልቶ ይታያል።

ከመስፋት በፊት ጨርቁ መዘጋጀት አለበት። ያልታጠበ ፈትል መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ሳይነከር የተሰፋ ቀሚስ በኋላ ያጥራል። ጥለቱ ቀለም እንደማይለቅ ለማየት እርጥብ ነጭ ጨርቅ ከውስጥ በኩል ለአንድ ደቂቃ ጫን አድርጋችሁ ያዙበት። ካልለቀቀ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ፣ ሳትጨምቁ፣ ጥላ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁ፤ ትንሽ እርጥበት እያለው ተኩሱት። ከለቀቀ መንከሩን ተዉትና በእንፋሎት ብቻ ሥሩ። የሚያብለጨልጭ ክር ያለበት ጥለት በቀጥታ ካውያ አይንካው፤ ከውስጥ በኩል፣ ጨርቅ ደርባችሁ፣ መካከለኛ ሙቀት ላይ።

የጎን ስፌቱን በተመለከተ፣ ጠርዙን በክር ከሚጠቀልለው ኦቨርሎክ ይልቅ ሁለት ጊዜ የሚሰፋው የታሸገ ስፌት ለፈትል ይመረጣል። ጨርቁ ስስ ስለሆነ የኦቨርሎክ ክር ከውጭ ያሳብቃል፤ ልሉ ማግም በጊዜ ብዛት ይተረተራል። 1.5 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ተዉ። ጨርቁን ውስጡን ከውስጡ ጋር ገጥማችሁ ከጠርዙ 6 ሚሊ ሜትር ላይ ስፉ። ትርፉን ወደ 4 ሚሊ ሜትር ከርክሙ፤ ከዚያ በታች አትውረዱ፣ ፈትል ይሾልካል። ገልብጣችሁ ውጩን ከውጩ ጋር አድርጉ፣ ስፌቱ ጠርዝ ላይ እንዲሆን ተኩሱት፣ በ9 ሚሊ ሜትር ላይ እንደገና ስፉ። ጥሬው ጠርዝ ውስጥ ተዘግቶ ይቀራል። 4423 ይህን በደንብ ይሠራል፤ ጥለቱ የሚደራረብበት ቦታ ላይ ብቻ 90/14 መርፌ አድርጋችሁ በእጅ መዘውሩ እለፉት።

ጥለት ከጥለት ማጋጠም የዚህ ሥራ ዋና ፈተና ነው። ጥርሱ የታችኛውን ጨርቅ ሲስብ የላይኛው በእግሩ ተይዞ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ከብብት ጀምራችሁ ወደ ታች ከሰፋችሁ ልዩነቱ ተጠራቅሞ ጥለቱ ላይ ይወጣል። ሁልጊዜ ከታች፣ ከጥለቱ፣ ወደ ብብት ስፉ። እያንዳንዱን መስመር በእስፒል ሳይሆን በእጅ ወስውሱት፤ እስፒል ፈትሉን ያንሸራትታል። ልዩነት ቢኖር እንኳ ብብት ስር ይደበቃል። ሁለቱንም ጨርቅ እኩል የሚስብ እግር መኪናው ጋር አብሮ አይመጣም፤ ለብቻው ሲገዛ አጭር አንገት (low shank) ላለው መኪና የሚሆነውን ምረጡ።

የልጅ ቀሚስ ሲረዝም መቆረጥ የለበትም፣ መታጠፍ ነው ያለበት። 6 ሴንቲ ሜትር ማሳጠር ቢያስፈልግ አንዱን መስመር ልክ ከጥለቱ በላይ፣ ሁለተኛውን ከእሱ 6 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ በሳሙና ቁራጭ አስምሩ። ውጩን ከውጩ ጋር አድርጋችሁ መስመሮቹን አገናኙና በ4 ሚሊ ሜትር ርዝመት ስፉ፤ ሦስት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው እጥፋት ወደ ውስጥ ይቀራል። ስፌቱ የጥለቱ ጠርዝ ላይ ስለሚያርፍ ከውጭ አይታይም። ወደ ታች ስፋቱ እየጨመረ የሚሄድ ቀሚስ ከሆነ የላይኛው መስመር ከታችኛው ያጥራል፤ መጀመሪያ የጎን ስፌቶቹን፣ ቀጥሎ የፊትና የኋላ መሐሉን አጋጥሙ፣ የተረፈውን በመካከላቸው አከፋፍሉት። ረጅም ስፌት የተመረጠው በሚቀጥለው ዓመት ልጅቷ ስታድግ በቀላሉ እንዲፈታ ነው። ከተፈታ በኋላ የሚቀረው ምልክት በእርጥብ ጨርቅና በእንፋሎት ይለቃል።

ጋቢ ላይ መኪናው ስሙን ያስከብራል። አራት እጥፉ ሲታጠፍ ስምንት ይሆናል፤ እግሩ ከተለመደው ከፍታ በላይ ተጨማሪ ስለሚነሳ ጨርቁ ሳይታገል ይገባል። 100/16 መርፌ፣ 3.5 ወይም 4 ርዝመት፣ ዝግ ያለ ፍጥነት። የጂንስ ጫፍም በዚሁ ይሠራል። የጎን ስፌቱ ጉብታ ላይ ሲደርስ እግሩ ወደ ላይ ያዘነብልና መርፌው ይዘላል፤ ከእግሩ ኋላ በኩል የታጠፈ ካርቶን አስገብታችሁ ደረጃውን አስተካክሉ።

የአንገትና የደረት ጥልፍ ግን ከዚህ መኪና አትጠብቁ። የሚያስጌጡት ስፌቶቹ የእኛን ጥልፍ አይመስሉም። ጥርሱን ወደ ታች የሚያወርድ ማንሸራተቻ ስላለው በነጻ እጅ ማጥለፍ ይቻላል፤ የጥልፍ እግርና ክብ መወጠሪያ ለብቻ መግዛት፣ እጅንም ብዙ ማለማመድ ይጠይቃል። ጥልፉን አገር ቤት አስጠልፎ መላክና እዚህ መገጣጠም የተሻለ ውጤት አለው።

ከጨርቁ ስር ክር ተጠቅልሎ ሲገኝ ሰዎች ቦቢኑን ይወቅሳሉ። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ክር ነው፦ እግሩ ወርዶ እያለ ክር ከገባ ማጥበቂያው ውስጥ አይገባም። እግሩን አንሱ፣ ክሩን ከመጀመሪያ አስገቡ፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው ማንሻ ዓይን ውስጥ መግባቱን እዩ። እግሩን አውርዳችሁ ክሩን ስትስቡት መክበድ አለበት፤ ከቀለለ አልገባም። ቦቢኑ ክላስ 15 የሚባለው ግልጹ ፕላስቲክ ነው። ክላስ 66 መልኩ ይቀራረባል፣ ግን ልኩ አይደለም። ስታስገቡት ክሩ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ይተርተር።

ፈትል ብናኝ ይጥላል፤ ከሱቅ ጨርቅ ይልቅ እጅግ ብዙ። ሁለትና ሦስት ልብስ ከሰፋችሁ በኋላ መሰኪያውን ንቀሉ፣ የመርፌው ቀዳዳ ያለበትን ብረት ፈትታችሁ አብሮ በመጣው ብሩሽ ጥርሱንና የቦቢኑን ቤት ጥረጉ። አትንፉበት፤ በታመቀ አየርም አትርጩ። ብናኙን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ እርጥበትም ያስገባል።

ወደ አገር ቤት ለእናት ወይም ለእህት ለመላክ የምታስቡ ይህን ልብ በሉ። አሜሪካ የሚሸጠው በ120 ቮልት ይሠራል፤ የኢትዮጵያ መስመር 220 ነው። የመሰኪያውን ቅርጽ የሚቀይር ትንሽ እቃ ቮልቱን አይቀንስም፣ እንደተሰካም ሞተሩ ሊቃጠል ይችላል። ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር፣ በመኪናው ላይ ከተጻፈው ዋት ሁለት እጥፍ የሚችል፣ አብሮ ይላክ። ለአገር ቤት ከሆነ ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ መግዛት ይቀላል፤ እዚያ የሚሸጠው ለ220 ቮልትና ከዚያ ለሚበልጥ መስመር የተሠራ ነው። ያም ሆኖ ከመክፈል በፊት ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ።

ነጠላና ስስ ቀሚስ ብቻ የምታስተካክሉ ከሆነ፣ ወይም ስፌት ገና እየጀመራችሁ ከሆነ፣ ብራዘር ሲኤስ7000ኤክስ ይሻላችኋል። ፍጥነቱን የሚገድብ ማንሸራተቻና ያለ ፔዳል የሚያስነሳ ቁልፍ አለው፤ ሁለቱን ጨርቅ እኩል የሚስበው እግርና ሰፊው ጠረጴዛ አብረው ይመጣሉ። ጋቢ፣ ጂንስ፣ የመኝታ ቤት መጋረጃና የልጆች ቀሚስ በአንድ መኪና ለሚሰፋበት ቤት ግን 4423ን ውሰዱ። ከመኪናው ጋር በዚያው ቀን የሚገዛው፦ ከ70 እስከ 100 ያሉ መርፌዎች፣ አሥር የክላስ 15 ቦቢን፣ ወተት ቀለም የፖሊስተር ክር፣ እኩል የሚስበው እግር።