ሶሻል ወርክና ሴክሹዋሊቲ በአንድ ላይ፦ የዋይድነር ጥምር ማስተርስ ሲገመገም

ፔንሲልቬንያ፣ ቼስተር ከተማ ያለው ዋይድነር ዩኒቨርሲቲ የሶሻል ወርክ (የማኅበራዊ ሥራ) ማስተርስን ከሂዩማን ሴክሹዋሊቲ (ስለ ሰው ልጅ ወሲባዊነት ከሚያጠናው) ማስተርስ ጋር አጣምሮ ይሰጣል። አሜሪካ ውስጥም ቢሆን እንዲህ ያለ ጥምረት እንደ ልብ አይገኝም። ጥቅሙ ላይሰንሱ ላይ ነው፦ የሴክሹዋሊቲው ዲግሪ ብቻውን ለማስተማር ይበቃል እንጂ ቴራፒ ለመስጠት ፈቃድ አያስገኝም፤ ያንን በር የሚከፍተው ሶሻል ወርኩ ነው።

ወገብ የሚያጎብጠው የሥራ ልምምዱ ነው። ቢያንስ 900 ሰዓት ይጠየቃል፤ በሳምንት 16 ሰዓት ቢሠራ እንኳ ከ56 ሳምንት በላይ ይፈጃል፣ ብዙ ጊዜም ያለ ክፍያ።

ከምረቃ በኋላ ፔንሲልቬንያ ለክሊኒካል ላይሰንስ (ለቴራፒ ፈቃዱ) 3,000 ሰዓት በሱፐርቪዥን፣ ማለትም በሌላ ባለሙያ ክትትል ሥር መሥራትን ትጠይቃለች። የሴክስ ቴራፒስት ሰርተፊኬት የሚሰጠው የባለሙያዎች ማኅበር፣ አሴክት (AASECT)፣ ደግሞ የራሱ ቆጠራ አለው፦ 90 ሰዓት መሠረታዊ ትምህርት፣ 60 ሰዓት የሴክስ ቴራፒ ሥልጠና፣ 300 ሰዓት ደንበኛ ማየት፣ 50 ሰዓት ሱፐርቪዥን። ስህተቱ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው፤ ለላይሰንስ የሚፈርመው ሱፐርቫይዘር አሴክት ያጸደቀው ካልሆነ፣ ያ ሱፐርቪዥን ለሰርተፊኬቱ አይያዝም። ሁለቱንም የሚያሟላ ሰው አስቀድሞ መፈለግ ያዋጣል።

«ሳር» (SAR) የሚሉት ሥልጠናም አለ (ከሣሩ ጋር አይገናኝም)። በቡድን ተቀምጦ፣ ፊልም አይቶ፣ ስለ ወሲብ ያለውን የራስ አመለካከት አውጥቶ መነጋገር ነው። ጉዳዩ ነውር ተብሎ በሚታለፍበት ቤት ላደገ አበሻ ከየትኛውም ፈተና ይከብዳል፤ ግን በጣም ጠቃሚው ክፍል እሱ ነው።

ሜሪላንድ ያሉ አማርኛ ተናጋሪ ባለትዳሮችን ለማየት ያሰበ፣ የፔንሲልቬንያው ላይሰንስ እዚያ በቀጥታ ስለማያሠራ የሜሪላንዱን ማውጣት አለበት፤ በቪዲዮ ቢሆንም ያው ነው።