ባለ 12 ቀለሙ የተማሪ የውኃ ቀለም ለዕለታዊ ሥዕል ይሆናል?

ሐዋሳ ውስጥ በጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች የሚገኘው ይህ ሣጥን በቀን 10 ደቂቃ ለሚሥል ሰው ይበቃል። ቢጫውና ሰማያዊው ሲቀላቀሉ ጥሩ የሾላ ቅጠል አረንጓዴ ይሰጣሉ። ነጩ ግን እንደ ኖራ ደብዛዛ ነው፤ ብርሃኑን ባዶ የተተወው ወረቀት ይስጥ። አብሮት የሚመጣው ብሩሽ ፀጉሩን ያራግፋል፤ 6 ቁጥር ለብቻ ይገዛ።

ዋናው ጣጣ ወረቀቱ ነው። የፎቶ ኮፒ ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ብቻ የሚመዝን ስስ ስለሆነ ውኃ ሲጠጣ ይጨማደዳል፣ ሁለተኛው ቅብ ላይ ይላጣል። ወፍራሙን ባለ 200 ግራም ወረቀት በፖስት ካርድ መጠን ቆርጦ አራቱንም ጠርዝ በወረቀት ፕላስተር ማጣበቅ ነው። መጀመሪያ ሰማዩ በብዙ ውኃ ይቀባል፤ በደንብ ሳይደርቅ ተራራው ከተጨመረ ወደ ሰማዩ ይፈሳል። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ሞዴል አይቸግርም፤ አባ ኮዳ የተባለው ትልቅ ወፍ ዓሣ እስኪጣልለት ንቅንቅ አይልም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ ጠዋት ይሻላል።

ሥዕል ጭንቀትስ ይቀንሳል? በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ የድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ ጥናት በማርከር፣ በጭቃና በኮላዥ (ቁርጥራጭ ወረቀት በማጣበቅ) 45 ደቂቃ ከሠሩ 39 ሰዎች የ75 በመቶ ያህሉ ኮርቲሶል (የጭንቀት ሆርሞን) መቀነሱን አሳይቷል፤ ጀማሪም ሆነ ልምድ ያለው። 10 ደቂቃ ያንኑ ያመጣል ማለት ግን አይደለም።