የፒክአፕ ስፖንዳና ማርሚታ ጥገና፦ ሒሳቡ ሲመረመር

12 ዓመት ያገለገለውን የቤንዚን ፒክአፔን ወደ ጋራዥ ያስገባሁት ለሁለት ጉዳይ ነበር። የካሶኒው (የኋላ ጭነት ሣጥኑ) የቀኝ ስፖንዳ፣ ማለትም የጎን ግድግዳው፣ መዳፍ የሚያህል ስርጉድ ነበረው፤ የማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ድምፅም ከዕለት ወደ ዕለት እየጎላ መጥቷል። ሁለቱም ቀላል ሥራ ስለመሰሉኝ ተቀራራቢ ዋጋ ጠብቄ ነበር፤ ሒሳቡ ሲቀርብ ግን የስፖንዳው የማርሚታውን እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነበር የቀረው።

ጋራዡን ከሁሉ በፊት የማመሰግነው ሥራው ሳይጀመር የእጅ ዋጋንና የዕቃ ዋጋን ለይቶ በጽሑፍ ስለሰጠኝ ነው። ለስፖንዳው ከተጠየቅሁት ውስጥ 70 በመቶ ያህሉ የእጅ ዋጋ መሆኑን ያየሁት ከዚያ ዝርዝር ላይ ሲሆን፣ ሥራውን ቆሜ ከተከታተልሁ በኋላ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ስርጉዱ ከውስጥ በኩል እየተገፋ ይቃናል፤ የቀረው በስቱኮ ይሞላል፣ በብርጭቆ ወረቀት ደጋግሞ ይለሰልሳል፣ ከዚያም የመሠረት ቀለም፣ ዋናው ቀለምና አንጸባራቂው ሽፋን በየተራ ይቀባሉ። ስርጉዱ ትንሽ ቢሆንም ከእነዚህ አንዱም አይዘለልም። የእኔ መኪና ቀለም ሜታሊክ (የሚያብለጨልጭ ብናኝ ያለበት) በመሆኑ ደግሞ ልዩነቱ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ቀለሙን ከተጠገነው ቦታ አሳልፎ እያሳሱ መውሰድ፣ አንጸባራቂውንም በመላው ስፖንዳ ላይ መንፋት አስፈልጓል።

በኋላው መዝጊያ ላይ የነበሩት ጭረቶች ግን ቀለም አላስፈለጋቸውም። ባለሙያው ጥፍሩን አሳልፎባቸው ጥፍሩ ስላልያዘ፣ ጉዳቱ ከአንጸባራቂው ሽፋን እንዳላለፈ ነግሮኝ በፖሊሽ ብቻ አጠፋቸው። የፋብሪካ ቀለም በጠቅላላው ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺሕኛ) ብቻ የሚወፍር ስለሆነ ፖሊሹም በልክ መሆን አለበት። ቀለም ቀብቶ ብዙ ማስከፈል ይችል የነበረ ሰው ይህን ማድረጉን እንደ ትልቅ ታማኝነት እቆጥረዋለሁ።

ወደ ማርሚታው ስንመጣ፣ ቀዳዳው የተገኘው በኋለኛው መገጣጠሚያ ላይ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል፤ መኪናው አጭር መንገድ ብቻ ሲመላለስ ማርሚታው በቂ ሙቀት ስለማያገኝ ውኃው እዚያው ተጠራቅሞ ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል። በብየዳ መለጠፍ ርካሹ አማራጭ ነበር፤ ነገር ግን በቀዳዳው ዙሪያ ያለው ብረት ስለሳሳ ብየዳው ራሱ ይበሳዋል። ስለዚህ ማርሚታውን ብቻ አስቀየርሁ። ከማይዝገው ብረት ይልቅ አሉሚኒየም የተለበጠውን የመረጥሁት በመኪናው ዕድሜ ምክንያት ነው። የጭሱን መርዛማነት የሚቀንሰው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ጤናማ ሆኖ መገኘቱ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የያዘ ዕቃ በመሆኑ እሱ ቢበላሽ ኖሮ ሌላውን ሒሳብ ሁሉ ባስናቀ ነበር።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ ቱቦውን ከማርሚታው ጋር የሚያያይዙት ሁለት ቡሎኖች ዝገው ስለነበር ሲፈቱ ተሰበሩ፤ ስብርባሪውን ለማውጣትም የአንድ ሰዓት የእጅ ዋጋ ተጨመረብኝ። የዛገ ቡሎን እንደሚሰበር ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ስለሆኑ በመጀመሪያው ዝርዝር ላይ ሊያስጠነቅቁኝ ይገባ ነበር። ሁለተኛው፣ አዲሱን ማርሚታ በተሰነጣጠቁት አሮጌ የማርሚታ ማንጠልጠያ ጎማዎች ላይ መልሰው ሰቀሉት። ዋጋቸው ከጠቅላላው ሒሳብ ውስጥ እዚህ ግባ የማይባል እነዚህ ጎማዎች ሲላሉ ማርሚታው ከሻንሲው ጋር ይጋጫል፣ ክብደቱም በቱቦው መገጣጠሚያ ላይ ያርፋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ መንኳኳት ጀመረና መለስሁት፤ ያለ ክፍያ ቀየሩልኝ።

ለማርሚታ ሥራ ወደዚህ ጋራዥ ሳላመነታ እመለሳለሁ። ለቀለም ሥራም እመለሳለሁ፤ ሆኖም መኪናውን የምረከበው በቀን ብርሃን ብቻ ይሆናል፤ ከኋላ መብራቱ አጠገብ በአንጸባራቂው ሽፋን ሥር የቀሩትን የአቧራ ነጠብጣቦች ያየኋቸው አመሻሽ ላይ ተረክቤው ከሄድሁ በኋላ፣ በማግሥቱ ጠዋት ነውና።