የተሰረጎደው ሪሌ ከአምስት ወር በኋላ

ይህን ሪል፣ ማለትም የፍላይ ዓሣ ማጥመጃ ክር መጠቅለያ፣ ከገዛሁት አሥራ አንድ ወር ሆነኝ። ስድስቱን ወር ጤነኛ ነበር። አምስቱን ወር ደግሞ ተሰርጉዶ፣ በእኔው እጅ ተቃንቶ ነው የሠራው። ስለ አዲስ ሪል የሚያወራ ሞልቷል፤ እኔ የማወራው ስለ ሁለተኛው ግማሽ ነው።

ፍላይ የሚባለውን ዓሣ ማጥመድ ለማያውቅ ሰው፦ ዓሣውን በትል ሳይሆን ከላባና ከክር በተሠራች የውሸት ዝንብ ነው የምትሸውደው። ዝንቧ ክብደት የላትም፤ የሚወረወረው ወፍራሙ ክር ነው። ሪሉ ከዘንጉ ሥር ሆኖ ክሩን ይይዛል። ትልቅ ዓሣ ይዞት ሲሮጥ ደግሞ ፍሬኑ እሱ ነው።

የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። ወደ ሳውዝ ፕላት ወንዝ የወሰደኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቤት አልገኝም። ሚስቴ ነገሩ እስካሁን አልተዋጠላትም። «ሁለት ሰዓት ነድተህ፣ በብርድ ቆመህ፣ ይዘኸው መልሰህ ለቀቅከው?» ትላለች። እኔ የማጠምድበት የሳውዝ ፕላት ሸለቆ፣ ቺዝማን ካንየን፣ ውስጥ የተያዘ ዓሣ ሁሉ ወዲያው መለቀቅ እንዳለበት ብነግራት «ታዲያ ሌላ ቦታ አትሄድም?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ሪሉ ለቁጥር 5፣ ማለትም ለመካከለኛ፣ ዘንግ የሚሆን ነው። 6061 ከሚባለው አሉሚኒየም ድፍን ተቆርጦ በማሽን የተሠራ ነው፤ ተቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ አይደለም። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ። ቅናሽ ላይ በ160 ዶላር ገዛሁት። ስሙን አልጠራም፤ ማስታወቂያም ስም ማጥፋትም እንዳይሆንብኝ።

ማርች ላይ ነው የወደቅኩት። ቺዝማን በበረዶው ወራትም ይጠመዳል፤ ውሃው ከግድቡ ሥር ስለሚለቀቅ እንደሌላው ወንዝ በበረዶ አይዘጋም። ድንጋዩ ግን በረዶ ይይዛል። ጊል ትሬል በሚባለው የእግር መንገድ ወርጄ፣ ከአንዱ ሮዝ ግራናይት ወደ ሌላው ስሻገር እግሬ ከዳኝ። ዘንጉን ለማዳን እጄን ወደ ላይ አነሳሁ። ዘንጉ ተረፈ። ሪሉ ግን በጎኑ ድንጋዩ ላይ አረፈ። «ጧ!» የምትል ድምፅ፣ አለቀ።

መጀመሪያ ጭረት ብቻ መሰለኝ። ክሩን ስጠቀልል ግን ድምፁ ተቀየረ። ድሮ አንድ ወጥ «ጭርርርር» ነበር። አሁን በየዙሩ «ጭርር፣ ጠቅ፣ ጭርር፣ ጠቅ»። የውጭው ቀለበት አውራ ጣት የምታክል ቦታ ላይ ወደ ውስጥ ገብቶ ስፑሉን፣ ክሩ የሚጠቀለልበትን የሚሽከረከር ክፍል፣ እየነካው ነው። ከስርጉዱ በግራና በቀኝ ደግሞ ቀለበቱ ወደ ውጭ ተነፍቷል። የባሰው ይሄ ነው፤ በዚያ ክፍተት ከዝንቧ ጋር የሚታሰረው ቀጭኑ ክር ሾልኮ ከስፑሉ ጀርባ ይገባል።

ለአምራቹ ጻፍኩ። የመውደቅ ጉዳት ዋስትና ውስጥ የለም፣ ቀለበቱን ለመቀየር ከነመላኪያው 95 ዶላር አሉኝ። ባለ 160 ዶላር ሪል ላይ 95 ዶላር!

አዲስ አበባ ለአጎቴ ደወልኩ። ዕድሜውን ሙሉ ባቲላሜራ ነበር፤ ስንትና ስንት ቮልስ ያቃና ሰው ነው። ፎቶውን አይቶ ሳቀ።

«ይቺን ነው እንዴ? መሃሉን እንዳትመታ። መሃሉን ከመታህ ዳር ዳሩ የባሰ ይነሳብሃል። ከዳር ጀምረህ እየዞርክ ወደ መሃል ግባ። ከጀርባው ድገፍለት። ደግሞ እሳት አሳየው፣ ይላላል።»

የመጨረሻዋን አልሰማሁትም። እሱ የሚያውቀው የመኪና ላሜራ ነው። አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም፤ መልኩን ሳይቀይር ድንገት ይቀልጣል። ባይቀልጥም ጥንካሬው የመጣው በፋብሪካ ከተሰጠው የሙቀት ሕክምና ስለሆነ፣ እሳት ከነካው ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ሌላው ምክሩ ግን ወርቅ ነው።

ስፑሉን አወጣሁ። ፍሬኑ ያለበትን መሃሉን በጨርቅ ሸፈንኩ። ከጣውላ ቁራጭ ላይ የቀለበቱ ጀርባ ልክ የሚቀመጥበት ግማሽ ክብ ቆረጥኩ። ሌላ ትንሽ እንጨት አድቦልቡዬ አሮጌ ቀበቶ ጠቀለልኩበት፤ እሱ ከውስጥ ይገፋል። በመዶሻ ፈንታ በእጅ የሚጠብቅ ትንሽ ሞርሳ ተጠቀምኩ። ሩብ ዙር አጠብቃለሁ፣ እፈታለሁ፣ አያለሁ። አሉሚኒየም ይሸውዳል፤ የተቃና መስሎ ስትለቀው ትንሽ ወደ ኋላ ይመለሳል። ስለዚህ በጣም በትንሹ ማሳለፍ አለብህ። አንዴ አሳልፎ መልሶ ማጠፍ ደግሞ ብረቱን ያደክመዋል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ከተነፋው ዳር ጀመርኩ። ሁለት ማታ ፈጀብኝ።

የቀረውን ያሳየኝ ማርከር ነው። የስፑሉን ጠርዝ ዙሪያውን ቀባሁና አዞርኩት። ቀለሙ የለቀቀበት ቦታ አሁንም ይነካል ማለት ነው። ጠርዙ ላይ ትንሽ እሾህ ቀርታ ነበር፤ በ600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ በ1000፣ ውሃ እየነከርኩ ፋቅኳት። ይሄን መዝለል አይገባም። የፍላይ ክር ውድ ነው፤ ያቺ እሾህ በየዙሩ ትልጠዋለች።

እና አምስት ወሩ እንዴት ነበር? በወር አራትና አምስት ጊዜ ይወጣል። «ጠቅ» የምትለዋ ጠፍታለች። ክር ሾልኮ አልገባብኝም። በዝግታ ስጠቀልል ምንም አይታወቀኝም። ጁን ላይ አንድ ደህና ብራውን ትራውት ይዞት ቁልቁል ሲሮጥ ግን ዘንጉ ውስጥ ትንሽ ንዝረት ተሰማኝ። ቀለበቱ ፍጹም ክብ አይደለም፣ አይሆንምም። ዓሣውን አመጣሁት፣ ለቀቅኩት።

የተፋቀው ቦታ ቀለሙ ሄዶ ነጣ ብሏል። በወንዝ ውሃ ችግር የለውም። ባሕር ላይ የምታጠምዱ ግን ተጠንቀቁ፤ የመከላከያ ሽፋኑ የተነሳ አሉሚኒየምን ጨው ይበላዋል።

ፍሬኑ? ጥሩ ነው፣ ከመጀመሪያውም ጥሩ ነበር። እጀታው ትንሽ ላልቶ አንዴ አጥብቄዋለሁ።

ያዙልኝ ያልኳት ነገር እዚህ ጋ ትመጣለች። ባልደረባዬ በግማሽ ዋጋ የገዛው ሪል ተቀልጦ የፈሰሰ ነው። መኪና ማቆሚያ አስፋልት ላይ ከወገብ ከፍታ ወደቀበት፤ አልተሰረጎደም፣ ለሁለት ተሰነጠቀ። እንዲህ ዓይነቱ ብረት ብዙም አይታጠፍም፣ ስለዚህ አይቃናም። ወንዝ ዳር የማትወድቁ ከሆነ እሱም ይበቃችኋል፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ። እኔ እወድቃለሁ። ይሄኛውን ድጋሚ እገዛዋለሁ፣ በቅናሽ ከሆነ።

ሥራው ሲያልቅ ለአጎቴ ፎቶ ላኩለት። ከቅርብም ከሩቅም አነሳሁት፣ ኮርቼ። ብዙ ቆይቶ መለሰ፦

«ደህና ነው። ስቱኮ ብትለቀልቀው ኖሮ አይታወቅም ነበር።»