በረግረግና በውሃ ላይ ለመገንባት፦ የመሐንዲሶች ኮር የፈቃድ አገልግሎት ሲገመገም

አሜሪካ ውስጥ ዋጋው ወርዶ የሚሸጥ ባዶ ቦታ አንዳንዴ ምክንያቱ ከሣሩ ሥር ነው፤ ግማሹ ረግረግ ይሆናል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ አፈር ለመሙላት፣ ወይም ወንዝና ባሕር ዳር የጀልባ ማቆሚያ ለመሥራት የካውንቲው የግንባታ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም። የጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች ኮር ፈቃድም ያስፈልጋል።

ኮሩ የሚሠራው በሁለት ሕጎች ነው። የ1899ኙ የወንዞችና የወደቦች ሕግ አንቀጽ 10 መርከብ በሚሄድበት ውሃ ውስጥ፣ በላዩም ሆነ በሥሩ የሚሠራን ነገር ይመለከታል። የ1972ቱ የንጹሕ ውሃ ሕግ አንቀጽ 404 ደግሞ በውሃና በረግረግ ላይ የሚደፋን ሙሌት ይመለከታል። በምሰሶ ላይ ብቻ የሚቆም የጀልባ ማቆሚያ ብዙውን ጊዜ በአንቀጽ 10 ያልቃል፤ ከኋላው አፈር የሚሞላ የዳርቻ ግንብ ግን ሁለቱንም ይነካል። ወሰናቸውም ይለያያል። ባሕሩ በሚሞላበትና በሚጎድልበት ዳርቻ አንቀጽ 10 እስከ አማካዩ ከፍተኛ የውሃ መስመር ይደርሳል፤ 404 ከዚያ አልፎ እስከ ከፍተኛው የሙላት መስመር ይወጣል። ሁለቱም መስመሮች ሥዕሉ ላይ ይሰመሩ።

በክፍያ በኩል አገልግሎቱ ነፃ ነው ማለት ይቻላል። ለአነስተኛ ሥራዎች አስቀድመው ለወጡ አጠቃላይ ፈቃዶች ምንም አይከፈልም፤ ለአንድ ሥራ ብቻ ተመርምሮ ለሚሰጥ ተናጠል ፈቃድ ለንግድ ሥራ 100 ዶላር፣ ንግድ ላልሆነ 10 ዶላር ነው። ኪስ የሚጎዳው አማካሪው፣ ቀያሹና ለጠፋው ረግረግ የሚከፈለው ማካካሻ ነው። ከአገልግሎቱ ሁሉ ምርጡ ግን ጥቂት ሰው የሚጠቀምበት የቅድመ ማመልከቻ ስብሰባ ነው። የቦታውን ካርታና በእጅ የተሳለ ንድፍም ቢሆን ይዞ መቅረብ ያዋጣል፤ መሐንዲሱ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ሳይሆን ሕንፃውን ሃምሳ ጫማ ማንቀሳቀስ ገና በሚቻልበት ጊዜ።

ሁሉም ነገር የሚጀምረው የረግረጉን ወሰን ከመለየት ነው። ሥራው በ1987 መመሪያና በየክልሉ ተጨማሪ መመሪያዎች ይመራል፤ የሚታዩት ዕፅዋቱ፣ አፈሩና ውሃው ናቸው። ባለሙያው ወደ 20 ኢንች ያህል ጉድጓድ ቆፍሮ፣ እርጥቡን አፈር ቆርሶ የአፈር ቀለም ናሙናዎች ከያዘው የመንሴል መጽሐፍ ጎን ያስጠጋል። ግራጫ አፈር ውስጥ ዝገት የመሰለ ነጠብጣብ ከታየ ውሃ ለረጅም ጊዜ ተኝቶበታል ማለት ነው። በበጋ ጫማ ሳይረጥብ ተሄደበት ማለት ረግረግ አይደለም ማለት አይደለም። መለኪያው ከ10 ዓመት ቢያንስ በ5ቱ፣ ዕፅዋት በሚያድጉበት ወቅት፣ ለ14 ተከታታይ ቀናት ውሃው መሬቱን ከሸፈነ ወይም እስከ 12 ኢንች ጥልቀት ድረስ ከቀረበ ነው።

ቀጥሎ ያ ረግረግ የፌዴራል ነው ወይ የሚለው ይመጣል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2023 በሳኬት ጉዳይ ከሰጠው ውሳኔ ወዲህ ረግረጉ ከቋሚ ውሃ ጋር ያልተቋረጠ የገጽ ግንኙነት ሊኖረው ይገባል። በደረቅ መሬት የተከበበ ረግረግ ከኮሩ እጅ ሊወጣ ይችላል፤ የክፍለ ግዛቱ ሕግ ግን አሁንም ሊይዘው ስለሚችል እዚያም መጠየቅ ግድ ነው። ለዚህ ኮሩ ሁለት ዓይነት ውሳኔ ይሰጣል። ቅድመ ውሳኔ የሚባለው ሁሉንም ውሃ የፌዴራል አድርጎ ስለሚቆጥር ፈጠን ይላል፤ ይግባኝ ግን የለውም። የጸደቀ ውሳኔ ቁርጡን ይናገራል፣ 5 ዓመት ያገለግላል፣ ይግባኝም ይባልበታል። ሥራው በረግረጉ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ትንሽ ከሆነ የመጀመሪያው ይበቃል። የመሬቱ ዋጋ ሙሉ በሙሉ በመልሱ ላይ ከተንጠለጠለ ግን ከመግዛት በፊት ሁለተኛውን መጠበቅ ይሻላል።

ከአጠቃላይ ፈቃዶቹ መካከል ለአነስተኛ ሥራ አገር አቀፍ ፈቃዶች አሉ። ቁጥር 29 ለመኖሪያ ቤት፣ ቁጥር 39 ለንግድ ሕንፃ ሲሆኑ ጣሪያቸው ግማሽ ኤከር ነው። ቁጥር 13 ለዳርቻ መከላከያ ነው፤ እስከ 500 ጫማ ርዝመት ይፈቅዳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስሌቱ ላይ ነው። አንድን የመኖሪያ ሰፈር በምዕራፍ ከፋፍሎ እያንዳንዱን ከግማሽ ኤከር በታች ማድረግ አይሠራም፤ ኮሩ ድምሩን ያያል። የረግረግ ጉዳት ከአንድ አሥረኛ ኤከር ካለፈ ደግሞ ቢያንስ አንድ ለአንድ ማካካሻ ይጠየቃል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ የሚሟላው ቦታውን ከሚሸፍን የማካካሻ ባንክ፣ ማለትም ሌላ ቦታ ረግረግ መልሶ አልምቶ ድርሻውን ከሚሸጥ ድርጅት፣ ክሬዲት በመግዛት ነው። ባንኩ ክሬዲት እንዳለው ከማመልከቻው በፊት ይረጋገጥ።

የጊዜ ገደቡን በተመለከተ ደንቡ ለአመልካቹ ጥሩ ጥበቃ ሰጥቷል። ቅድመ ማስታወቂያ በሚጠይቁ አገር አቀፍ ፈቃዶች ኮሩ የጎደለውን በ30 ቀን ውስጥ መጠየቅ አለበት፤ ሙሉ ሰነድ በደረሰው በ45 ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጠ በመርሕ ደረጃ ሥራ መጀመር ይቻላል። ነገር ግን በመጥፋት ላይ ያለ ዝርያ ወይም ታሪካዊ ቅርስ ሊነካ የሚችል ከሆነ የጽሑፍ ማረጋገጫ ሳይመጣ አካፋ ማንሳት አይፈቀድም። የዝርያዎቹን ዝርዝር አይፓክ ከተባለው የፌዴራል ድረ ገጽ አውጥቶ ከማመልከቻው ጋር ማያያዝ የሳምንታት ደብዳቤ መመላለስን ያስቀራል። የክፍለ ግዛቱ የውሃ ጥራት ማረጋገጫም ለብቻው የሚሄድ ጉዳይ ነው፤ ሕጉ እስከ አንድ ዓመት ይሰጠዋል።

ከጣሪያው የሚያልፍ ሥራ ወደ ተናጠል ፈቃድ ይሄዳል፦ ቅጽ 4345፣ የሕዝብ ማስታወቂያ፣ ከ15 እስከ 30 ቀን የአስተያየት ጊዜ። የኮሩ ዒላማ 120 ቀን ነው፤ ከባድ ፋይል ግን ያልፈዋል። እዚህ ላይ አመልካች የሚወድቀው አማራጭ ቦታን በሚመለከተው ክፍል ነው። ነዳጅ ማደያ የግድ ረግረግ ላይ መቆም የለበትም፤ ስለዚህ ሕጉ ደረቅ አማራጭ እንዳለ ይገምታል፣ የለም ብሎ ማሳየት የአመልካቹ ድርሻ ነው። «ይህን ቦታ ስለገዛሁት» የሚለው ማስረጃ አይሆንም። ግምቱ ጥብቅ ቢሆንም ተገቢ ነው እንላለን፤ አንዴ የተሞላ ረግረግ ጎርፍ መያዙን ያቆማል፣ ውሃውም ወደ ጎረቤት ግቢ ይዞራል።

በ2024 የተጀመረው የኢንተርኔት ማመልከቻ ሥርዓት ከወረቀቱ ይሻላል። ችግሩ ያለው በሚጫነው ሥዕል ላይ ነው። ትልቁን የግንባታ ፕላን አሳንሶ መላክ ቁጥሮቹን የማይነበቡ ያደርጋቸዋል። በ8.5 በ11 ኢንች ገጽ ላይ የሚነበቡ ሦስት ሥዕሎች ይዘጋጁ፦ የአካባቢ ካርታ፣ ከላይ የታየ ፕላንና ቁርጥ (ቦታው ተቆርጦ ከጎን ሲታይ)። ቁርጡ ላይ የውሃው መስመር፣ የሙሌቱ መጠን በኪዩቢክ ያርድና ስፋቱ በኤከር ይጻፍ። ለጊዜው የሚደፋ የመዳረሻ መንገድም ይካተት፤ ቦታው ተመልሶ ከተስተካከለ ከጉዳቱ አይደመርም፣ ሳይገለጽ ከቀረ ግን ጥሰት ነው።

ሚሺጋንና ኒው ጀርሲ የ404ን ሥራ በአብዛኛው ራሳቸው ስለሚሠሩ እዚያ የሚጀመረው ከክፍለ ግዛቱ ቢሮ ነው። በኮሩ ጎርፍ መከላከያ ግድብ ላይ ወይም አጠገቡ የሚነካ ሥራ አንቀጽ 408 የሚባል ሌላ ፈቃድ ሊያስፈልገው ይችላል፤ በአገር አቀፍ ፈቃድ ለሚሠራም ያለዚያ መጀመር አይቻልም። ፈቃዱ ከመጣ በኋላም ቅጂው ከሥራ ተቋራጩ እጅ ይግባ፤ የረግረጉ ወሰን ኤክስካቫተሩ ከመግባቱ በፊት በችካልና በደማቅ ሪባን ይከለል። አገር አቀፍ ፈቃድ ላይ ሥራው ባለቀ በ30 ቀን ውስጥ የማጠናቀቂያ ማረጋገጫው ተፈርሞ ለኮሩ ይላካል።