በሐዋሳ «የተዳቀለ ጽጌረዳ» ለምትገዙ ሁሉ፦ ሥሩን ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ

ይህን የምጽፈው ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከችግኝ ሻጩ ዘንድ ተመልሼ፣ ንዴቴ ገና ሳይበርድ ነው። በከተማችን ዋና መንገድ ዳር ጥቁር የችግኝ ፕላስቲክ ደርድረው፣ ከላይ የጥላ መረብ ወጥረው፣ አላፊ አግዳሚውን «ከባቱ የመጣ፣ የተዳቀለ (ማለትም የአንዱ ቅርንጫፍ በሌላው ግንድ ላይ የተጋጠመ)፣ ዓመት ሙሉ የሚያብብ» እያሉ የሚጠሩትን ሻጮች የማያውቅ የሐዋሳ ነዋሪ ያለ አይመስለኝም። ከአንደኛው ዘንድ ጽጌረዳና ጥቂት ጄራንየም ገዛሁ፤ ጽጌረዳው አንዱ በ400 ብር ሲሆን፣ ሁሉም የፈካ አበባ ይዞ ነበር።

ጽጌረዳዎቹ ግቢዬ በገቡ ማግሥት አበባቸው አንገቱን ደፋ፤ ቀጥሎ ቅጠላቸው፣ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ፣ ውሃ እንደተነፈገ ተክል ይጠወልግ ጀመር። ለሻጩ ስደውል መጀመሪያ «ውሃ አንሷቸው ነው» አለኝ፤ ቀጥሎ «ውሃ አብዝተውባቸው ነው» አለኝ፤ ከዚያም የጥር ፀሐይ ጥፋተኛ ሆነ፤ በመጨረሻ አፈሬ «የደከመ» ነው ተብሎ ዩሪያ ተሸጠልኝ። ጥላ ሠራሁላቸው፣ ሥራቸውን በጉዝጓዝ ሸፈንኩ፣ የቅጠሉን ጀርባ እየገለበጥኩ ክሽክሽ የሚባለውን ተባይ ፈለግሁ። የጎረቤቴ አሮጌ ጽጌረዳ ግን በዚያው አፈርና በዚያው ፀሐይ አጥሩን አልፎ ያብባል። በባቱ ዙሪያ ያሉት ትልልቅ የአበባ እርሻዎችም፣ ምንም እንኳ በግሪን ሃውስ ውስጥ ቢሆን፣ ጽጌረዳ የሚያመርቱት ከሐዋሳ ብዙም በማይለይ ከፍታ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው።

ዛሬ አንዱን የደረቀ ችግኝ ይዤ ሄድኩ። ሰውዬው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ስልኩን ሳያስቀምጥ፣ «እናቴ፣ እጅዎ ለአበባ አይሆንም፤ የፕላስቲክ አበባ ቢገዙ ይሻልዎታል» አለኝና አጠገቡ ያሉት ሳቁ። በዚህ መካከል ሠራተኛው ልጅ ለሌላ ገዢ አንድ ጽጌረዳ ሊያነሳ ግንዱን ያዘ። ግንዱ ብቻውን ተመዞ ወጣ፤ አፈሩና ፕላስቲኩ መሬት ላይ ቀሩ። ታችኛው ጫፉ በመቀስ አግድም የተቆረጠ፣ ገና አረንጓዴ፣ አንዲት የሥር ጭረት እንኳ የሌለበት ነበር። ልጁ አልደነገጠም፤ መልሶ ሰካውና አፈሩን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አድርጎ ውሃ አርከፈከፈበት። ሻጩም እንዳየሁ አይቶ፣ «አበባ ነው የሸጥንልዎት፤ አበባውን አላዩም እንዴ?» አለኝ። ከሁሉም ያበገነኝ ይህ መልሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጽጌረዳ ቅርንጫፍ ተቆርጦ እርጥብ አፈር ውስጥ ሲተከል፣ በግንዱ ባጠራቀመው ምግብ ብቻ እንቡጡን ሊያፈካ፣ አልፎ ተርፎም አዲስ ቅጠል ሊያወጣ ይችላል። ሥር ለማውጣት ግን ሳምንታት ይፈልጋል፤ በአግባቡ የሚያባዛ ባለሙያም ጉልበቱ ወደ ሥር እንዲሄድ አበባውንና እንቡጡን አስቀድሞ ይቆርጠዋል። እነዚህ ሰዎች አበባውን የሚተዉት ዓይን ስለሚስብ ነው፤ የተጠራቀመው ምግብ ሲያልቅ ተክሉ በእኛ ግቢ፣ በእኛ ስም ይሞታል። ሥር ለሌለው እንጨት ውሃው መብዛት ማነሱ ትርጉም የለውም፤ ዩሪያውማ ሊበቅል የነበረውንም ለስላሳ ሥር የሚያቃጥል ነው። (ጄራንየሞቹ ቀንተውልኛል፤ ነገር ግን ጄራንየም ከተቆረጠ ቅርንጫፍ በቀላሉ ሥር የሚሰድ ተክል ስለሆነ ለዚህ ሻጩን የማመሰግንበት ምክንያት አይታየኝም።)

ገንዘቤን አልመለሰልኝም፤ ደረሰኝም አልነበረኝም።

የምትገዙ ካላችሁ፣ ግንዱን በሁለት ጣት ይዛችሁ በቀስታ ወደ ላይ ሳቡት፤ በፕላስቲኩ ታች ባሉት ቀዳዳዎችም ነጭ የሥር ጫፍ መኖሩን ተመልከቱ። «አይነካም» ካሏችሁ ትታችሁ ሂዱ። «የተዳቀለ ነው» ከተባላችሁ ደግሞ፣ በግንዱ ታችኛው ክፍል ሁለቱ ተክሎች የተጋጠሙበትን እብጠት እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ፤ ከላይ እስከ ታች ወጥ የሆነ ለስላሳ ግንድ ካሳዩአችሁ የተዳቀለ ዋጋ አትክፈሉበት።